ዲስኩ ሲንተባተብ

ከፊልም ከተወለዱ መጽሐፎች ጋር የኔ ነገር የጀመረው በተጫረ ዲስክ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ነበርኩ። ያን ጊዜ ፊልም የምናየው ከሰፈር ፊልም ቤት እየተከራየን ነው። የፊልም ቤቱ ልጅ ከአክሽንና ከህንድ ፊልም ሌላ ብዙም አያመጣም። አንድ ቀን ግን ከየት እንዳገኘው እንጃ፣ ካርቶን ሙሉ ዲስክ ከጠረጴዛው ስር ጎትቶ አወጣ። «ማንም አይወስደውም። አንተ ግን እንዲህ ዓይነት ግራ የገባው ነገር ትወዳለህ» አለኝ። ካርቶኑ ላይ በእስክሪብቶ «ዲፕ ስፔስ ናይን» ተብሎ ተጽፏል። ከስታር ትሬክ ተከታታዮች አንዱ ነው። ሰባት ሲዝን፣ 176 ክፍል። ከታናሽ ወንድሜ ጋር ሌሊት ሌሊት እያየን በሁለት ወር ተኩል ጨረስነው። ጨረስነው እንኳ አይባልም።

የመጨረሻው ዲስክ ተጭሯል። ዋናው ሰውዬ ጠላቱን ሊገጥም ወደ እሳት ዋሻዎቹ ሲወርድ ምስሉ ተንተባተበ፣ ተንተባተበ፣ ቆመ። በቲሸርት ጠረግነው። እፍ አልነው። ሰው የሚለውን ሁሉ ሞከርን፤ በጥርስ ሳሙና ሳይቀር ፈገፈግነው። ከዚያ በኋላማ ማጫወቻው ጭራሽ አልቀበልም አለ። ፊልም ቤቱ ሌላ ኮፒ የለውም። ሚንት ሚንት የሚሸት ዲስክ ስመልስለት ልጁ ያየኝን አስተያየት እስካሁን አልረሳሁትም።

ኢንተርኔት ቤት ገብቼ መጨረሻውን ማንበብ እችል ነበር። ግን ይህን ሁሉ ሌሊት የተከተልኩትን ታሪክ በሦስት መስመር ማንበብ ዶሮ ወጥ በስልክ እንደማሽተት ሆነብኝ። ተውኩት።

ለማያውቀው ሰው ትንሽ ልንገር። (የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ዲፕ ስፔስ ናይን ከ1993 እስከ 1999 የታየ ነው። እንደ ሌሎቹ ስታር ትሬኮች በመንኮራኩር ከኮከብ ኮከብ የሚዞርበት አይደለም። አንድ ቦታ የቆመ የጠፈር ጣቢያ ነው። አጠገቡ ባጆር የሚባል ዓለም አለ፤ ካርዴሲያኖች ለግማሽ ምዕተ ዓመት ገዝተውት ገና ነጻ የወጣ። የጣቢያው አዛዥ ቤንጃሚን ሲስኮ ጥቁር ነው። ሚስቱ ሞታበታለች፣ ልጁን ብቻውን ያሳድጋል። ባጆሮች ደግሞ «አንተ የአምላኮቻችን መልእክተኛ ነህ» ብለው ሙጭጭ ይሉበታል። እሱ የተላከው ጣቢያ ሊያስተዳድር ነበር። ሰው ሳይፈልገው የተጫነበትን ሃይማኖታዊ አደራ ሲታገል የሚያሳይ ሳይፋይ ከዚያ በፊት አላየሁም ነበር። ሃይማኖትን የሚስቅበት እንጂ በቁም ነገር የሚይዘው ብዙ የለም።

አክስቴ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው የምትኖረው። በዚያ ዓመት ለገና ስትመጣ «ምን ላምጣልህ?» አለችኝ። የፊልሙን ስም በቴክስት ላክሁላትና «የመጨረሻውን ሲዝን» አልኩ። ስትመጣ ሻንጣዋን ከፈተች። በቫይታሚኑና በሰው ጫማ መሀል አምስት ትንንሽ መጽሐፍ ተሸጉጧል።

«ፊልሙን አጣሁት የኔ ጌታ» አለች። «ሰፈራችን ያለው ላይብረሪ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጥበት ቀን ነበር። ያው ስም የተጻፈበትን ሳይ ለቀምኩልህ። አንዱ አንድ ዶላር አይሞላም።»

እውነቱን ለመናገር ከፋኝ። መጽሐፍ እንዳለው እንኳ አላውቅም ነበር። ደግሞ ከአምስቱ አንዱ የድሮው ስታር ትሬክ ነው፤ ሽፋኑ ላይ ስፖክ የሚባለው ከሌላ ዓለም የመጣ ገጸ ባሕርይ ጆሮውን አሹሎ ቆሟል። አያቴ አየችው። «በስመ አብ! ይሄን ነገር ነው ከአሜሪካ ድረስ የተሸከምሽው?» ብላ መጽሐፉን በደረቱ ደፋችው። ብዙ ቆይቼ ነው ያወቅሁት፤ ስታር ትሬክ በ1966 ሊጀምር ሲል ያስተላለፈው የኤንቢሲ ቴሌቪዥን ሰዎችም ይሄው ፍርሃት ነበረባቸው። ለማስታወቂያ ባሳተሙት በራሪ ጽሑፍ ላይ የስፖክን ጆሮና ቅንድብ ቀለም ቀብተው ሰው አስመስለውታል። ሰይጣን ይመስላል ብለው። አያቴና ኤንቢሲ ተመካክረው አያውቁም።

መጀመሪያ ያነሳሁት «አቫታር» የሚለውን ነው። በኤስ. ዲ. ፔሪ የተጻፈ፣ የ2001። (ከሰማያዊዎቹ ሰዎች ፊልም ጋር አይገናኝም።) እዚህ ላይ ስህተት ሠራሁ፣ እናንተ እንዳትሠሩት። ይህ መጽሐፍ የሚጀምረው ፊልሙ ካለቀ ከሦስት ወር በኋላ ነው። ልክ ለቅሶ ቤት ዘግይቶ እንደደረሰ ሰው ሆንኩ። ማን እንደሞተ፣ ማን እንደሄደ ማንም አይነግረኝም፤ ከሰዎቹ ፊት ነው የማነበው። ሲስኮ የለም። በኋላ ያገባት ነፍሰ ጡር ሚስቱ ባጆር ላይ ቤት እየሠራች ነው። ልጁ ጄክ አባቱን ይፈልጋል። ጣቢያውን የምታዝዘው ኪራ ናት። ቀስ እያለ ገባኝ፤ ሰውዬው ዋሻው ውስጥ ወርዶ አልተመለሰም። እንደ ተራ ሰው አልሞተም፤ አምላክ የሚሏቸው ወስደውታል።

ስለዚህ የመጀመሪያ ምክሬ ይህ ነው። መጽሐፉ ከታሪኩ የት ላይ እንደሚገባ ጀርባውን አንብባችሁ እወቁ። ሁለተኛው ምክር ደግሞ ከዚያው መጽሐፍ የመጣ ነው። ሽፋኑ ላይ በትንሹ «መጽሐፍ አንድ» ይል ነበር። አላየሁትም። መጨረሻው ገጽ ላይ ስደርስ ታሪኩ ተንጠልጥሎ ቀረ። አክስቴ ሁለተኛውን ይዛ እስክትመጣ አንድ ዓመት ጠበቅሁ። ከተጫረ ዲስክ ሸሽቼ እንደገና ግማሽ ታሪክ ላይ ወደቅሁ! ዛሬ የሚጀምር ሰው ይህ አይደርስበትም። «ትዊስት ኦፍ ፌዝ» የሚል በ2007 የወጣ ጥራዝ አለ። ሁለቱን አቫታርና ቀጣዮቹን አንድ ላይ ይዟል። እሱን ፈልጉ።

ያን አንድ ዓመት ያሳለፍኩት ስለ ኪራ እያሰብኩ ነው። ኪራ ፊልሙ ላይ የቀድሞ ታጋይና ጥብቅ አማኝ ናት። መጽሐፉ ውስጥ ካህናቱ የከለከሉት የትንቢት መጽሐፍ ይገኛል። ትንቢቱ ይደርሳል፤ ግን አምላኮቹን አምላክ አይላቸውም። ካህናቱ ሊያጠፉት ይፈልጋሉ። አክስቴ ባመጣችው ሁለተኛው መጽሐፍ ኪራ ለሕዝቡ ሁሉ በተነችው። ከዚያ ተወገዘች። ቤተ መቅደስ እንዳትገባ፣ የእምነቷ ምልክት የሆነውን የጆሮ ጌጥ እንዳታደርግ ተከለከለች። አሜሪካዊ አንባቢ ይህን እንደ አንድ የታሪክ መጠምዘዣ ያየው ይሆናል። ውግዘት የሚለውን ቃል በቤተ ክርስቲያን ደጅ የሰማ ሰው ግን ሌላ ነገር ነው የሚሰማው። አላጣችውም እኮ እምነቷን። በሩ ውጭ ቆማ ነው የምታምነው። ፊልሙ ላይ ሰባት ሲዝን ሙሉ ካየኋት ኪራ ይልቅ ይህችኛዋ ቀረበችኝ።

(መጨረሻውን እየነገርኩባችሁ ነው አይደል? ይቅርታ። ከዚህ በኋላ እጠነቀቃለሁ።)

አሁን ቆይቶ ሲገባኝ፣ ይህ መጽሐፍ እንዲህ ሊደፍር የቻለበት ምክንያት አለ። ከፊልም የተወለደ ልብ ወለድ የሚጽፍ ደራሲ ተከራይ ነው። ቤቱ የሱ አይደለም። ገጸ ባሕርያቱ የኩባንያው ናቸው። መጀመሪያ የታሪኩን እቅድ ይልካል፣ የኩባንያው ሰዎች ያዩታል፣ ሲጨርስም ረቂቁን ያዩታል። ፊልሙ በቴሌቪዥን እየታየ ከሆነ ደግሞ አከራዩ እዚያው ግቢ ውስጥ ነው ያለው። ግድግዳ ማፍረስ ቀርቶ ምስማር ለመምታት ማስፈቀድ ያስፈልጋል። ስትወጣ ቤቱን እንደተረከብከው ታስረክባለህ። ማንም አይሞት፣ ማንም አያገባ።

ጎበዝ ተከራይ ግን መላ አያጣም። ጄምስ ብሊሽ በ1970 ለአዋቂዎች የተጻፈውን የመጀመሪያውን አዲስ የስታር ትሬክ ልብ ወለድ ሲያወጣ ርዕሱን «ስፖክ መሞት አለበት!» ብሎታል። እንዴት ተፈቀደለት? በማሽን ብልሽት ሁለት ስፖክ ፈጠረ። ከዚያ አንዱን ገደለ። አከራዩ ሲቆጥር ስፖኩ ሙሉ ነው።

አቫታር ሲጻፍ ግን ዲፕ ስፔስ ናይን ካለቀ ሁለት ዓመት ሆኖታል። አከራዩ ቁልፉን ትቶ ውጭ አገር ሄዷል እንበል። ደራሲዎቹ ሰው ማጋባት፣ መግደል፣ አዲስ ሰው ማስገባት ጀመሩ። ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው ኤሊያስ ቮን የሚባል መኮንን አለ፤ ሥራውን ሊተው ሲል በዚያ ዕድሜው ሕይወቱን እንደ አዲስ የሚጀምር። ቴሌቪዥን ለእንዲህ ዓይነት ሽማግሌ ዋና ቦታ አይሰጥም። መጽሐፍ ይሰጣል። ስለዚህ የትኛውን ልጀምር ለሚለኝ ሰው ሁልጊዜ የምመልሰው አንድ ነው። የምትወደው ተከታታይ ካለቀ በኋላ የተጻፈውን ፈልግ። ገና እየታየ ሳለ የተጻፈው ብዙ ጊዜ ጥንቃቄ የበዛበት ነው።

ሁለት ዓይነት እንዳለም ልብ በሉ። አንዱ አዲስ ታሪክ ነው። ሌላው ያያችሁትን ክፍል ራሱን በመጽሐፍ መልሶ የሚተርክ ነው። ይህን ሁለተኛውን ብዙ ሰው ይንቀዋል። እኔም ንቄው ነበር። ሐሳቤን ያስቀየረኝ ዶክተር ሁ የተባለው የእንግሊዞቹ ተከታታይ ነው።

ዶክተር ሁ ከ1963 ጀምሮ በቢቢሲ የታየ ነው። ያን ጊዜ ቪዲዮ ማጫወቻ በየቤቱ የለም። አንድ ክፍል ካመለጠህ አመለጠህ። እንዲያውም ቢቢሲ ካሴቶቹን እየደመሰሰ ሌላ ይቀዳባቸው ነበር። ከ90 በላይ ክፍሎች እስካሁን ጠፍተው ቀርተዋል። ከ1973 ጀምሮ ታርጌት የሚባል አሳታሚ ታሪኮቹን አንድ በአንድ በትንንሽ መጽሐፍ አወጣቸው። ቴራንስ ዲክስ የሚባል ደራሲ ብቻውን ከ60 በላይ ጽፏል። ዓረፍተ ነገሩ አጭር፣ ትረካው ፈጣን ነው። ሐተታ የለውም። የአንድ ትውልድ እንግሊዛዊ ልጆች ያላዩትን ፊልም ያዩት በሱ በኩል ነው።

ይህን ሳነብ ሰፈራችን ትዝ አለኝ። ሳንቲም ያለው አንድ ልጅ ቪዲዮ ቤት ገብቶ ፊልሙን ያያል። እኛ ውጭ እንጠብቃለን። ሲወጣ ከነድምፁ ይተርክልናል። «ከዚያ ዷ! ዷ! ሲለው ሰውዬው በጣሪያው…» ጥሩ ተራኪ ከሆነ ፊልሙን በኋላ ስታየው ትከፋለህ። ዲክስ እንደዚያ ልጅ ነው። ከዚያ ወዲህ መልሶ ተራኪ መጽሐፍ አልናቅሁም።

እንዲያውም አክስቴ ካመጣቻቸው አምስቱ ውስጥ የበለጠ የነካኝ እንዲህ ዓይነቱ ነው። «ፋር ቢዮንድ ዘ ስታርስ» ይባላል። በ1998 የታየ የዲፕ ስፔስ ናይን ክፍል ነው። ሲስኮ በራእይ ራሱን በ1953 ኒው ዮርክ ያገኘዋል። ስሙ ቤኒ ራስል ነው፤ የሳይንስ ልብ ወለድ መጽሔት ላይ የሚሠራ ጥቁር ደራሲ። አንባቢዎች የደራሲዎቹን ፎቶ ጠይቀዋልና ፎቶ ሊነሱ ነው። እሱና አንዲት ሴት ደራሲ በዚያ ቀን አርፍደው እንዲመጡ ይነገራቸዋል። ሴትየዋ በስሟ ምትክ ፊደል ብቻ እያስቀመጠች ነው የምትጽፈው፤ አንባቢ ወንድ እንዲመስለው። ቤኒ ስለ አንድ የጠፈር ጣቢያ ይጽፋል። አዛዡ ጥቁር ነው። አዘጋጁ ማንም አያምነውም ይለዋል። በኋላ ታሪኩ ሕልም ነው ከተባለ ይታተማል ተባለ፤ ተስማማ። የመጽሔቱ ባለቤት ግን የዚያን ወር እትም በሙሉ አስጠፋው። ቤኒንም አባረሩት። እዚያ ላይ ሲስኮን የሚጫወተው አቬሪ ብሩክስ ያሳየው ለቅሶ… ዳይሬክተሩም እሱ ራሱ ነው።

ይህን ወደ መጽሐፍ የመለሰው ስቲቨን ባርነስ ነው። ራሱ ጥቁር አሜሪካዊ፣ ራሱ የሳይንስ ልብ ወለድ ደራሲ። ፊልሙ በአርባ አምስት ደቂቃ ያለፈውን እሱ ወደ ቤኒ ልጅነት ወስዶ ያሰፋዋል። መጽሐፉን ዘግቼ ያሰብኩት ነገር ቢኖር፣ ባርነስ የተከራየው ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ የጻፈው ኪራይ እንኳ ስለተከለከለ ሰው መሆኑን ነው። ለፊልም ማሻሻጫ ተብሎ የሚወጣ መጽሐፍ ይህን ያህል ሊሸከም እንደሚችል አላውቅም ነበር። የሽፋኑን ዋጋ አስታውሳለሁ፤ በእርሳስ 50 ሳንቲም ይላል።

ሌሎቹ ሁለቱ ግን የማይረቡ ነበሩ። ስማቸውን አልጠራም። አንዱን ግማሹ ላይ ተውኩት። እዚህ ሙያ ላይ የጊዜ ገደቡ አጭር ስለሆነ በጥድፊያ የተጻፈ ያስታውቃል፤ ገጸ ባሕርያቱ ፊልሙ ላይ የሚታወቁባቸውን አባባሎች እየደጋገሙ ይሄዳሉ። ሐያ ገጽ አንብባችሁ የምታውቁት ሰው አንድም አዲስ ነገር ካላሰበ ዝጉት። ጨርሼው ላሸንፈው የሚባል ነገር የለም።

ፍጹም ሌላ ዓይነት ለሚፈልግ «ኤ ስቲች ኢን ታይም» አለ፤ የ2000። የጻፈው አንድሩ ሮቢንሰን ነው፤ ፊልሙ ላይ ጋራክን የሚጫወተው ተዋናይ። ጋራክ ጣቢያው ላይ ልብስ ሰፊ ነው። ሁሉም ሰላይ እንደነበረ ያውቃል፤ እሱ ተራ ልብስ ሰፊ ነኝ ይላል። ሮቢንሰን ገጸ ባሕርዩን ለመያዝ በጋራክ ስም ማስታወሻ ይጽፍ ነበር። በአድናቂዎች ስብሰባ ላይ እያነበበ ሲወደድለት መጽሐፍ ሆነ። ለጓደኛው ለዶክተር ባሺር የተጻፈ ረጅም ደብዳቤ ነው። መጽሐፉ ለብዙ ዓመት ከገበያ ጠፍቶ አሮጌው በውድ ይሸጥ ነበር። በ2023 ሮቢንሰን ራሱ አንብቦት በድምፅ ወጣ። መግዛት የምትችሉ ከሆነ የድምፁን ውሰዱ። ውሸታም ሰው እውነት ሲናገር ድምፁ እንዴት እንደሚሆን በጽሑፍ ብቻ አይገኝም።

ባቢሎን 5 የሚባለውን ሌላ የጠፈር ተከታታይ የወደደ ደግሞ የፒተር ዴቪድን ሦስት የሴንታውሪ መጽሐፎች ይፈልግ። ተከታታዩ በ1998 ሲያልቅ ሎንዶ የሚባለውን ንጉሠ ነገሥት ትከሻው ላይ ጥገኛ ፍጡር ተለጥፎበት ትቶት ነው የሄደው። ከዚያ በኋላ ምን ሆነ የሚለውን የሚነግሩት እነዚህ ናቸው፤ የተጻፉትም የተከታታዩ ፈጣሪ ባወጣው እቅድ ነው። ስለዚህ «እውነተኛ ነው ወይስ አይደለም» የሚል ክርክር እዚያ ብዙ የለም።

ስታር ትሬክ ላይ ግን አለ። እንዴት ያለ ክርክር! ፈረንጆቹ አድናቂዎች ቃሉን የተዋሱት ከቤተ ክርስቲያን ነው፤ ቀኖና ይሉታል። በስክሪን የታየ ቀኖና ነው፣ መጽሐፍ ላይ ያለ አይደለም። መጀመሪያ ይህን ስሰማ ተናደድኩ። ታዲያ ምን ልበላ ነው የማነበው? አልኩ። በኋላ ግን እኛ ለዚህ ነገር አዲስ እንዳልሆንን አሰብኩ። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ የመጽሐፍ ቅዱስ ቁጥሩ 81 ነው፤ በፕሮቴስታንት 66። መጽሐፈ ሄኖክን ሌላው ዓለም ከቀኖናው ሲተወው ሙሉው ተጠብቆ የቆየው በግዕዝ ነው። ቅዱሱን ነገር ከቴሌቪዥን ጋር ማወዳደሬ አይደለም፣ ይቅር ይበለኝ። አንዱ ያልቆጠረውን ሌላው ሲያነበው እንደኖረ ለማለት ያህል ነው።

ደግሞም ግንቡ ቀዳዳ አለው። ሱሉ የተባለው የድሮው ስታር ትሬክ መርከበኛ ቴሌቪዥን ላይ የመጀመሪያ ስም አልነበረውም። ቮንዳ ማኪንታየር በ1981 መጽሐፏ ውስጥ ሂካሩ አለችው። ከአሥር ዓመት በኋላ በስድስተኛው ፊልም ላይ ራሱ ተዋናዩ ሂካሩ ሱሉ ነኝ አለ። ኡሁራም እንዲሁ። ኡሁራ የመጣው ነጻነት ከሚለው የስዋሂሊ ቃል ነው። ኒዮታ የሚለው ስሟ በ1982 መጽሐፍ ላይ ወጣላት፤ በስዋሂሊ ኮከብ ማለት ነው። ስክሪን ላይ የተጠራው በ2009 ነው። ወደኛ ሲመለስ ኮከብ ነጻነት። የኛ ሰፈር ልጅ ነው የምትመስለው።

እንግሊዞቹማ ከዚህም አለፉ። ዶክተር ሁ በ1989 ከቴሌቪዥን ሲነሳ ታሪኩን ለዓመታት ያቆዩት መጽሐፎች ናቸው። ፖል ኮርኔል በ1995 «ሂዩማን ኔቸር» የሚል ጻፈ። ራስል ቲ. ዴቪስም በ1996 አንድ ጻፈ። ይሄው ዴቪስ ነው በ2005 ዶክተር ሁን ወደ ቴሌቪዥን የመለሰው። በ2007 ደግሞ የኮርኔልን መጽሐፍ ራሱ ኮርኔል ለቴሌቪዥን ጻፈው። አከራዩ ከውጭ ሲመለስ ተከራዩ የሠራውን ጓዳ ወዶ የራሱ አደረገው ማለት ነው።

የኔዎቹ እንዲህ አልቀናቸውም። በ2020 ፒካርድ የሚባለው አዲስ የስታር ትሬክ ተከታታይ ሲመጣ ሃያ ዓመት ገደማ የተጻፈውን ታሪክ የሚያፈርስ ሌላ ታሪክ ይዞ መጣ። አከራዩ ተመልሷል፣ ግቢው ይለቀቅ። ሌላ አሳታሚ ቢሆን ዝም ብሎ ያቆም ነበር። ደራሲዎቹ ግን በ2021 «ኮዳ» በሚል ስም ሦስት መጽሐፍ ጽፈው የራሳቸውን ዓለም በራሳቸው እጅ ዘጉት። እነዚያ መጽሐፎች ውስጥ ብዙ ሰው ይሞታል። እንደኔ ከሆነ በዝቷል፤ አንዳንዱ ሞት ለማስደንገጥ ብቻ የገባ ነው። የመጨረሻውን ግን ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ሰው ተገድዶ ቤት ሲለቅ መጥረጊያ ይዞ እንደሚያጸዳው ዓይነት ነገር አለው። ከዚህ እንዳትጀምሩ። የማታውቁትን ሰው ለቅሶ መቀመጥ ነው የሚሆነው።

ስለ እንግሊዝኛው ጥያቄ ይመጣልና። እኔ ያኔ እንግሊዝኛዬ የመማሪያ መጽሐፍ እንግሊዝኛ ነበር። እነዚህ መጽሐፎች የቀለሉኝ ሰዎቹን ስለማውቃቸው ነው። ኪራ ስትቆጣ ድምፇ እንዴት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቃሉ ባይገባኝም ቁጣው ይገባኛል። አንድ ቀን ግን «ትራይኮርደር» የሚል ቃል ፍለጋ መዝገበ ቃላቱን ስገለባብጥ ግማሽ ሰዓት ፈጀሁ። የለም፤ የፈጠሩት ነው። ከዚያ ወዲህ ሕግ አወጣሁ። ዕቃ የሚመስል ቃል ከሆነ እለፈው። ስሜት የሚመስል ከሆነ መዝገበ ቃላት ክፈት። እንግሊዝኛ ማሻሻል ለሚፈልግ ወጣት ከብዙ የሰዋስው መጽሐፍ ይልቅ ያየውን ተከታታይ መጽሐፉን ይስጡት እላለሁ።

የት ይገኛል? ውጭ ያላችሁ የላይብረሪ የሽያጭ ቀን አያምልጣችሁ፤ እንዲህ ያሉ መጽሐፎች ሁልጊዜ ታች ባለው ሳጥን ውስጥ ናቸው። የላይብረሪ ካርድ ካላችሁም ብዙዎቹን በስልክ መዋስ ይቻላል። አዲስ አበባ መንገድ ዳር አሮጌ መጽሐፍ የሚያነጥፉ ልጆች ጋ አልፎ አልፎ ይገኛል። እነሱ ዋጋውን የሚያወጡት በውፍረት ነው፤ እነዚህ ደግሞ ቀጭን ናቸው። ጥሩ ነው። ዝም ብላችሁ ክፈሉ፣ ስትወዱት አይዩዋችሁ።

የመጨረሻውን ክፍል ያየሁት ከስምንት ዓመት በኋላ ነው። ወንድሜ በሃርድ ዲስክ አገኘው። ሲስኮ ሚስቱን የሚሰናበትበት ቦታ ላይ እመለሳለሁ ይላታል። ይህን ያስጨመረው አቬሪ ብሩክስ ነው አሉ፤ ጥቁር አባት ነፍሰ ጡር ሚስቱን ጥሎ ሄደ እንዳይባል። እኔ በዚያ ጊዜ መመለሱን መጽሐፍ ላይ አንብቤ ጨርሻለሁ። ወንድሜ ዓይኑን ይጠርጋል፣ እኔ ዝም ብዬ እስቃለሁ። «ምን ያስቅሃል?» አለኝ። አልነገርኩትም።

አቫታር አሁን የእህቴ ልጅ ጋ ነው። ጀርባው በፕላስተር ተይዟል። ልጁ ተከታታዩን እያየ አምስተኛው ሲዝን ላይ ደርሷል። መጽሐፉን መደርደሪያ ላይ አይቶት ነው የወሰደው። ትናንት ደወለልኝ።

«አጎቴ፣ ሲስኮ ለምንድን ነው የሌለው?»

«የት ገጽ ደርሰሃል?»

«አሥራ አምስት።»

ዝጋው ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«ቀጥል» አልኩት።